«በቀን ስንት ሰዓት ያያል?» ሐኪሙን ምን አገባው?

የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወላጆች ግሩፕ ብዙ ጊዜ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ሊፍት ነው የሚያወራው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እናት የጻፈችው ነገር ሦስት ቀን ሙሉ አከራከረን። ሰላምታውንና ስቲከሩን ቀንሼ ዋና ዋናውን ሰብስቤዋለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሕፃናት ሐኪም ስለ ስልክና ቴሌቪዥን መጠየቅ አለበት ወይስ የቤት ጉዳይ ነው?

የኪያ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሳል ይዞት አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተሩ ደረቱን አዳመጠ፣ ጉሮሮውን አየ። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ስልኬን ሰጠሁት፣ ወዲያው ዝም አለ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «በቀን ስንት ሰዓት ያያል?» አለኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩት። «ሲበላስ?» ዝም አልኩ። «ምን ምን ይናገራል?» «ሬድ፣ ብሉ፣ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ይላል» አልኩ፣ በኩራት። «ውሃ ሲጠማውስ ምን ይላል?» እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል እንጂ ምንም አይልም። ከዚያ ተቆጣኝ። ስወጣ ሽሮፑ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ እንኳን ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። የሄድኩት ለሳል ነው!

የሦስት ልጆች አባት፦
ምን አገባው? ካርድ አውጥተን፣ ከፍለን፣ ተሰልፈን የምንገባው ልጅ ለማሳከም ነው። እኔ ሹፌር ነኝ። ጠዋት 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 3 ሰዓት እገባለሁ። ባለቤቴ ልብስ ስታጥብ ትንሹ በረንዳ ላይ ቢንጠላጠል ማን ሊይዘው ነው? ዶክተሩ? አራተኛ ፎቅ ነው ያለነው። ደግሞ እኛም እኮ አባባ ተስፋዬን እያየን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?

እማማ (ብሎክ 31)፦
አይ ልጄ። አባባ ተስፋዬ ተረታቸውን ጨርሰው ይሰናበቱ ነበር። እኛም ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ዳንቴል እናለብሰዋለን። የዛሬው መች ያልቃል? አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል። የልጅ ልጄን ስሙን ስጠራው ዞር አይልም። የስልኩን ድምፅ ግን ከጓዳ ይሰማል።

ሲስተር (ክትባት ክፍል የምሠራ)፦
ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። ግን ሐኪሙ ከየትም አምጥቶ አይደለም የጠየቀው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። ለአንድ ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ጭራሽ አይመከርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ቢቀንስ ይሻላል ይላል። እዚያው ላይ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፣ በቀን 180 ደቂቃ ደግሞ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። ሰው ስለ ስክሪኑ ብቻ ነው የሚያወራው። ለእኔ ግን ዋናው እንቅልፉና እንቅስቃሴው ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም አባላቱ በጤና ክትትል ጊዜ ሁለት ነገር እንዲጠይቁ ሲመክር ቆይቷል። በቀን ስንት ሰዓት ያያል? የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ወይም ኢንተርኔት ያለው ነገር አለ? በቃ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የብሎክ 12 አስተማሪ፦
የሚተኛበት ክፍል? ሲስተር፣ እኛ ስቱዲዮ ነው ያለን። ቴሌቪዥኑም፣ አልጋውም፣ ምድጃውም እዚያው ነው። 😄

ሲስተር፦
ሃሃ፣ እውነትሽን ነው። ጥያቄው ለእኛ ቤት ሲሆን «ልጁ ሲተኛ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል ወይ?» ተብሎ ይቀየር።

ጠበቃው ጎረቤት፦
እኔ የምቃወመው ጥያቄውን አይደለም። ሸክሙ ሁሉ እናት ላይ መጫኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የዱቄት ወተት ማስታወቂያ ላይ ደንብ ሲያወጣ ችግሩን ለእናቶች ብቻ አልተወውም፣ ኩባንያዎቹን ነው የያዘው። እዚህም በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወጣና የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ጠፋ። ሐኪም ድምፁ ይሰማል። ታዲያ ያን ድምፅ ካርቱን መሃል ቺፕስና ጁስ የሚሸጡትን ለመናገር ለምን አይጠቀምበትም? ብሎኩ መሃል ለልጆች መጫወቻ የተተወው ቦታስ? ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። ልጁ የት ይሂድ?

የሦስት ልጆች አባት፦
እግዜር ይስጥህ! መኪናዬን ግን እዚያ ነው የማቆመው፣ ይቅርታ።

*(እዚህ ጋ ወደ ሃምሳ መልእክት ስለ ፓርኪንግ ነበር። ዘልዬዋለሁ።)*

የሕፃናት ሐኪም (ብሎክ 54)፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ባልደረባዬ መጠየቁ ልክ ነው። መቆጣቱ ግን ልክ አይደለም። የተቆጣናት እናት ቀጥሎ ስትመጣ ትዋሸናለች። «አያይም» ትላለች፣ እኛም «የለም» ብለን እንጽፋለን።

የኪያ እናት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጆሮው ተመርምሯል? ቃል የዘገየበት ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት መስማቱ ነው። ጉንፋን የሚመላለስበት ልጅ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ በደንብ ላይሰማ ይችላል። ሁሉን ነገር በስልክ ካሳበብን ይህ ያመልጠናል። የምፈራው ይህንን ነው። በየሰፈሩ «ስልክ ኦቲዝም ያመጣል» እየተባለም ይወራል። ያመጣል የሚል ማረጋገጫ የለም። ስልኩን ቀምተው ስድስት ወር ሲጠብቁ ቆይተው የሚመጡ ወላጆች አሉ። ያ ስድስት ወር ለልጁ ብዙ ነው።

ስልኩ ምንም ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ሲያትል ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አለ። የዘጠኝ ወር ልጆችን የቻይንኛ ድምፅ አስተማሯቸው። ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያጫወታቸው ለዩት። ያንኑ ሰው በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልያዙም። ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው ከሚመልስለት ሰው ነው። «ብሉ» የሚለው ካርቱን ልጁ ምን እንዳለ አይሰማም፣ አይመልስለትም። ውሃ ቀድታ «ውሃ፣ ውሃ ልስጥህ?» የምትለዋ እናቱ ግን ትመልስለታለች።

እኔ ወላጅን «ስንት ሰዓት?» ብዬ አልጀምርም። «ስልኩ እቤት የማንን ሥራ ነው የሚሠራው?» እላለሁ። አንዷ «ያጎርስልኛል» ትላለች። አንዷ «ያስተኛልኛል» ትላለች። ሹፌሩ ወንድማችን ደግሞ «ከበረንዳ ይጠብቅልኛል» አለ። የሦስቱም መልስ የተለያየ ነው። ለበረንዳው ለምሳሌ ፍርግርግ ነው የማዘው፣ ምክር አይደለም።

የኤልዳ እናት፦
ዶክተር፣ የእኔ ልጅ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። አባቷ ዱባይ ነው፣ በኢሞ ነው የምታውቀው። ማታ ማታ ስልኩን ትስመዋለች። እሱንም ልከልክል?

የሕፃናት ሐኪም፦
ኧረ በፍጹም! የአሜሪካው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ስክሪን ይቅር ሲል የቪዲዮ ጥሪን ግን ለይቶ ፈቅዷል። እሱ ይሰማታል፣ ይመልስላታል። አንቺም አጠገቧ ሆነሽ «ባባ ሳቀ፣ አየሽ?» በያት።

እማማ (ብሎክ 31)፦
እኛ ልጅ ጸሐይ እናሞቅ ነበር። አሁን መጋረጃ ተዘግቶ ስልክ ነው።

ሲስተር፦
እማማ ጥሩ አነሱ። አዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ሩ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት በሽታ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ደግሞ 20ው ብቻ። የፀሐይ እጥረት ያለበት ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ደረቱ ይደክማል። ያኔ ልጅን ቤት የሚያስቀምጠው ብርድና ቡዳ መፍራት እንጂ ስልክ አልነበረም። ዛሬ ግን ልጁ ራሱ መውጣት አይፈልግም።

እኔ የምለው ጥያቄው ቦታው ይቀየር ነው። ልጅ ሲያስል፣ እናት ደንግጣ ሳለ አይደለም። የ45 ቀን፣ የዘጠኝ ወርና የ15 ወር ክትባት ሲመጡ እንጠይቅ። ያኔ ልጁ ጤነኛ ነው፣ እናትም ትሰማለች። እዚህ ዳር ሰፈር ያለ አብዛኛው ልጅ የሕፃናት ስፔሻሊስት አያይም። ነርስና ጤና መኮንን ነው የሚያየው። ካልጠየቅን እኛ፣ ማን ይጠይቃል?

የብሎክ 12 አስተማሪ፦
በክትባት ቀን ስንት እናት ነው የሚሰለፈው? ለክብደት እንኳን ትገፋፊን የለ እንዴ ሲስተር?

ሲስተር፦
እሱን ተይው። ☹️ እውነት ነው። ክብደት፣ ጡት፣ ክትባት፣ ቀጠሮ፣ ቀጣይ። እኔ ራሴ ሁሉንም አልጠይቅም። ልጁ ስልክ ይዞ ከገባ ግን እጠይቃለሁ።

የሦስት ልጆች አባት፦
እሺ፣ ፍርግርግ ያለኝን ዶክተር አልጠላሁትም። ስለ ስልክ ሳይቆጣኝ የተናገረ የመጀመሪያው ነው። አሁንም ግን ግዴታ ይሁን አልልም።

የኪያ እናት፦
ሦስት ቀን ሆነ። ምሳ ላይ ስልኩን ደበቅኩ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጉርሻ ብቻ፣ ቀሪው ለቅሶ። ትናንት ስድስት። ዛሬ ሽሮውን በእጁ ፊቱ ላይ ለቀለቀው እንጂ በላ። የጆሮ ምርመራ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሳሪስ ድረስ ነው፣ ታክሲ ላይ ያለ ስልክ እንዴት እንደማቆየው ግን አላውቅም።

እማማ (ብሎክ 31)፦
ቆሎ ያዢለት።

ሲስተር፦
ኧረ እማማ፣ ቆሎ አይሆንም! ያንቀዋል። ዳቦ ያዢለት።