ቡቺ የልብ ትል ተገኘበት፤ ቤላንም ያስይዛታል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ውሻዬ ቡቺ 6 ዓመቱ ነው። ሁለት ወር ሆነው፣ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ደረቅ ሳል ነው፤ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ነው የሚመስለው። ድሮ ኳስ ስወረውርለት ቀድሜ የምደክመው እኔ ነበርኩ። አሁን ሁለቴ ሮጦ ይተኛል። ዛሬ ሐኪሙ ደሙን መርምሮ የልብ ትል አለበት አለኝ። በጣም ደነገጥኩ። ትል ሲባል የአንጀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቤላ የምትባል ሌላ ውሻ አለችኝ። አብረው ይተኛሉ፣ ከአንድ ሳህን ይጠጣሉ። ልለያቸው? የትል መድኃኒት እቤት አለኝ፣ እሱን ብሰጠውስ?

መልስ 1፦
አይዞህ ወንድሜ። የኔም ውሻ የዛሬ ሦስት ዓመት ይዟት ስለነበር ጭንቀትህ ይገባኛል። አትለያያቸው። ይሄ ትል በምራቅም በሳህንም አይተላለፍም። መሃል ላይ የግድ ትንኝ መኖር አለባት።

የታመመ ውሻ ደም ውስጥ በዓይን የማይታዩ የትሉ እጮች አሉ። ትንኟ ደሙን ስትመጥ እነሱንም ይዛ ትሄዳለች። ወዲያው ሌላ ውሻ ብትነክስ ግን አታስይዝም። እጮቹ መጀመሪያ እሷ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለባቸው። ሞቃት ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃቸዋል። ሙቀቱ ከ14 ዲግሪ ከወረደ እድገታቸው ይቆማል። ካደጉ በኋላ ስትነክስ ከአፏ ወጥተው ቆዳው ላይ ያርፋሉ፤ በነከሰችበት ቀዳዳ ሾልከው ይገባሉ። ከዚያ ከልብ ወደ ሳንባ ወደሚሄደው ደም ስር ይጓዛሉ። አድገው እጭ እስኪፈለፍሉ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። ትሉን ብልቃጥ ውስጥ አይቼዋለሁ። ነጭ ክር ነው የሚመስለው። ሴቷ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ትረዝማለች፣ ውሻው ውስጥም ከ5 እስከ 7 ዓመት ትኖራለች። ያ ሁሉ ክር እዚያች ልብ ውስጥ ተጠቅልሎ! ሳሉ ለምን እንደመጣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ስለዚህ ቤላን ከቡቺ ሳይሆን ከትንኝ ጠብቃት። ቶሎ አስመርምራት። ነጻ ናት ቢሉህም ከ6 ወር በኋላ ድገመው፤ የተለመደው ምርመራ የሚይዘው ያደገች ሴት ትል ስትኖር ነው። በየወሩ የሚሰጠውን መከላከያ ደግሞ ሐኪሙ ያስጀምርልህ።

መልስ 2፦
እቤት ያለውን መድኃኒት እባክህ እንዳትሰጠው። የአንጀት ትል መድኃኒት ልብ ውስጥ ያለውን አይገድለውም። ወርሃዊው መከላከያም ቢሆን የሚገድለው ገና የገቡትን እጮች እንጂ ትልልቆቹን አይደለም። ደሙ ውስጥ ብዙ እጭ እያለ በዘፈቀደ ከተሰጠው ሁሉም አንዴ ይሞቱና ውሻው ራሱን ሊስት ይችላል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት ቀንሰው ለውሻ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። መጠኑን መሳት ቀላል ነው። ኮሊ የሚባሉት ዝርያዎች ላይማ ጭንቅላታቸውን ይጎዳል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጣችሁ። ሐኪሙ መርፌ አለ፣ ሩጫም ከለከለው። ሩጫው ምን ያህል ያሳስባል?

መልስ 1፦
ከሁሉም በላይ እሱ ነው። የኔዋ መጀመሪያ ዶክሲሳይክሊን 28 ቀን ወሰደች፤ ትሉ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፣ እሱን ለመግደል ነው። ቀጥሎ ትልልቆቹን ትሎች የሚገድለውን ሜላርሶሚን የሚባል መርፌ ወገቧ ላይ ተወጋች። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ሁለት መርፌ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት። ትሉ ሲሞት ይበጣጠስና ቁርጥራጩ ሳንባ ውስጥ ይሰካል። ልብ በሩጫ ሲመታ ደግሞ ይገፋዋል፣ ደም ስሩ ይደፈናል። ለሽንት እንኳ በአጭር ገመድ አስረህ አውጣው። ሳሉ ከባሰ ወይም ደም ከተፋ ሳታመነታ ሐኪም ጋር ሩጥ። ከመጨረሻው መርፌ በኋላም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይታገሥ።

የኔዋ በር ሲንኳኳ ዘላ ትነሳ ነበር። እንግዶቼን አስቀድማችሁ ደውሉ፣ በር አታንኳኩ እያልኩ ነው ያን ጊዜ ያለፍነው። ዛሬ ደህና ናት፣ እግሬ ሥር ተኝታለች።

ጠያቂው፦
ኳሱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቡቺ ከስር ተቀምጦ እያየው ነው። ቤላን ጠዋት እወስዳታለሁ።