የ6 ኪሎ ሜትር ሊንክ፦ ጥፋቱ የሞጁሌሽኑ ነው የአንቴናው?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ላይ ቢሯችንን ከመጋዘናችን ጋር በ5.8 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ላገናኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ ጣሪያ ላይ ነኝ። የከተማዋን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል!

ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱም ጫፍ ባለ 25 ዲቢአይ (የአንቴና ጉልበት መለኪያ) ዲሽ አለ። ቢሮው አክሰስ ፖይንት (ኔትወርኩን የሚከፍተው ሬዲዮ)፣ መጋዘኑ ስቴሽን (ከሱ ጋር የሚያያዘው)። መገናኘቱንስ ይገናኛሉ። ግን ሞጁሌሽኑን (ዳታው በሬዲዮ ሞገዱ ላይ የሚጫንበትን መንገድ) አውቶ ላይ ስተወው 256 ቃም (ፈጣን፣ ግን ጥሩ ሲግናል የሚፈልግ ደረጃ) ድረስ ይወጣና ወዲያው ይወርዳል። ፒንጉ (የዳታው የምልልስ ጊዜ) ያብዳል። ዝቅ ያለው 16 ቃም ላይ ስቆልፈው ይረጋል፤ ፍጥነቱ ግን ከ25 ሜጋቢት አያልፍም። ቻናሉን ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርጃለሁ፣ የርቀት ሴቲንጉንም 7 ኪሎ ሜትር አድርጌዋለሁ።

ሲግናሉ -71 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ)፣ ኖይዙ (ረብሻው) -95 ነው። 24 ዲቢ ልዩነት ለ256 ቃም እንደማይበቃ ይገባኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። በ23 ዲቢኤም ኃይል ሳሰላው ሲግናሉ -50 አካባቢ መሆን ነበረበት። 20 ዲቢው የት ገባ? ዲሾቹ የተያያዙት በዋናው ጨረር ሳይሆን ደካማ በሆነው የጎን ጨረር ይሆን? መሃል ላይ ባሕር ዛፍ አለ፤ ጫፉ ከእይታ መስመሩ 3 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እዚያ ቦታ የፍሬኔል ዞኑ (በእይታ መስመሩ ዙሪያ ለሞገዱ ክፍት መሆን ያለበት ቦታ) ራዲየስ ወደ 9 ሜትር ስለሆነ ዛፉ ይነካዋል። ግን ብቻውን 20 ዲቢ ይበላል?

ሌላም አለ። ከስቴሽኑ ጀርባ ያሉት ካሜራዎች ከቢሮው ራውተር አይፒ አያገኙም። ደብሊውዲኤስ (ሁለቱን ጫፎች እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያደርግ ሴቲንግ) የከፈትኩት አክሰስ ፖይንቱ ላይ ብቻ ነው። ስቴሽኑም ላይ ልክፈተው? ሊንኩ ተቆርጦ መጋዘን ድረስ እንዳልመለስ ፈርቼ ነው።