በረዶ አጓጉዞ አደባባይ ላይ ማቅለጥ፦ ጥበብ ወይስ ትዕይንት?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ኦላፉር ኤሊያሰን ነው። አርቲስት ነው፤ በርሊን የኪነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጂኦሎጂስቱ ሚኒክ ሮሲንግ ጋር 12 የበረዶ ቋጥኞች ከግሪንላንድ አምጥቶ ፓሪስ፣ ፓንቴዮን አደባባይ ላይ እንደ ሰዓት ቁጥር በክብ ደረደራቸው። የአየር ንብረት ጉባኤው በዚያው ሰሞን ነበር። በረዶው እዚያው ቀለጠ። ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

ገሞራ፦ ትዕይንት ነው። በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር፣ በመርከብ፣ ከዚያ በመኪና። 30 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶበታል። ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ስለ መጠጥ ጉዳት እንደሚሰብክ ሰው ነው።

ሰማያዊ፦ 30 ቶኑንም ያወቅከው እነሱው አስልተው ስላወጡት ነው! የጉባኤተኞቹን አውሮፕላን ትተህ 12 ቋጥኝ ትቆጥራለህ። ደግሞ ከግግሩ ተቆርጦ አልመጣም። ተገንጥሎ በግሪንላንድ ዋና ከተማ ኑክ አጠገብ ፊዮርዱ፣ ማለትም ጠባቡ የባሕር ሰርጥ ላይ ሲንሳፈፍ የተለቀመ ነው። መቅለጡ አይቀርም ነበር።

ገሞራ፦ ይቅለጣ፣ እዛው! ለመቅለጥ ፓሪስ ድረስ ምን አስኬደው?

ሰማያዊ፦ ሰው እንዲነካው ነዋ። በረዶው ውስጥ የታፈነው አየር የሺዎች ዓመታት ዕድሜ አለው። ሲቀልጥ ጧ ጧ እያለ ይወጣል። ሰዉ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። የትኛው ግራፍ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

መምህር፦ ነኩት፣ ሰሙት። ከዚያስ? እኔን የሚከነክነኝ ካርቦኑ ሳይሆን ይሄ ነው። ጀርመናዊውን አርቲስት ጆሴፍ ቦይስን አስታውሱ። እሱም ፕሮፌሰር ነበር፤ ማመልከቻቸው ውድቅ የሆነባቸውን ተማሪዎች ሁሉ ካልተቀበልኩ ብሎ በ1972 ከዱሴልዶርፍ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተባሯል። በ1982 ካሰል ከተማ መሃል 7000 የባዛልት ድንጋይ አስቆለለ። አንድ ዛፍ ካልተተከለ አንድ ድንጋይ አይነሳም። የከተማው ሰው ተነጫነጨ፣ ግን ክምሩ እንዲጠፋ ከፈለገ መትከል ነበረበት። ለአንዱ ዛፍ 500 የጀርመን ማርክ ይዋጣ ነበር። ቦይስ በ1986 ሞተ፣ የመጨረሻው ዛፍ በ1987 ተተከለ። በረዶው ግን ማንንም ምንም አላስገደደም።

ሰማያዊ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ድንጋይስ በእግሩ መጣ? ተፈልጦ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ነው። የእሱን ጭስ ማንም አያነሳም።

ገሞራ፦ ዛፉ መልሶታላ! የበረዶው ግን ኮፐንሃገን በ2014፣ ፓሪስ በ2015፣ ለንደን በ2018። ሦስቴ! አንዴ ይሁን፣ ገባን።

ሰማያዊ፦ ላንተ ገብቶህ ይሆናል። የለንደን ሰው የፓሪሱን አልነካም።

መምህር፦ መድገሙን አልቃወምም። እያንዳንዱ ቋጥኝ ቀልጦ ሳያልቅ ከተማው የሚፈጽመው አንድ ሥራ ቢታሰርበት ግን ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ኤሊያሰን ያንን ትቶታል።

ሰማያዊ፦ ያኔ አርቲስት ሳይሆን ከንቲባ ሆነ በሉኛ።

መምህር፦ ቦይስስ ምን ሆኖ ነው?

አወያይ፦ ቆይ፣ ድምፅ ልክፈት። «ይደገም» ወይስ «ይብቃ»?

ገሞራ፦ ይብቃ። የመምህር ሐሳብ ከታሰረበት ግን አንዴ ልጨምርለት እችላለሁ።