ለአራት ሰው የታክስ ቢሮ የኢንተርኔት ስልክ፦ በሰው ነው በደቂቃ?

ሒሳብ_ሚዛን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ታክስና ሒሳብ እንሠራለን፣ አራት ሰው ነን። አሁን ያሉን ሁለት የድሮ የመዳብ መስመሮች ናቸው፤ በአንዱ እናወራለን፣ በሌላው ፋክስ እንልካለን። የሌባ ማንቂያውም በፋክሱ መስመር ላይ ነው የተቀጠለው። ኢንተርኔቱ ለብቻው ከኬብል ኩባንያ ነው፦ ዳውንሎድ 300 ሜጋቢት፣ አፕሎድ 10 ብቻ። በወር 1,500 ደቂቃ ገደማ እናወራለን። ቁጥሩን መቀየር አይታሰብም፣ ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። ወደ ኢንተርኔት ስልክ ልንዞር ነው፤ በሰው የሚከፈለው ይሻላል በደቂቃ? 10 ሜጋቢትስ ይበቃል? ሰላምታው በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲሆን እንፈልጋለን።

ፓኬት_ቆጣሪ፦
ከፍጥነቱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። አንድ ጥሪ በተለመደው ጂ.711 ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ዘዴ) በየአቅጣጫው 90 ኪሎቢት ያህል ይወስዳል። አራታችሁም በአንድ ጊዜ ብታወሩ 360 ኪሎቢት ነው፣ ከ10 ሜጋቢት ውስጥ ከ4 በመቶ በታች። ስለዚህ መጠኑ ይበቃል።

ችግሩ ወረፋው ነው። አንዱ ሠራተኛ ስካን ያደረገውን የደንበኛ ዶሴ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር አፕሎዱ ይሞላል፤ ሞደሙ ፓኬቶቹን (የመረጃ ቁርጥራጮቹን) ያጠራቅማል፣ የድምፁ ፓኬት ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ደንበኛው የእናንተን ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማል፣ እናንተ ግን እሱን ጥርት አድርጋችሁ ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ማንም ሳያማርር ሳምንታት ያልፋሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሞክሩት። ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ፋይል ወደ ክላውድ እየጫናችሁ ከሌላው ፒንግ (የምልልስ ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) አሂዱ። ሳይጫን 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ሲጫን 300 ከገባ፣ የትኛውንም ኩባንያ ብትመርጡ ጥሪው ይበላሻል። ጥሩ የሚባለው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት፣ ከ30 ያልበለጠ የመዘግየት መዋዠቅ፣ ከ1 በመቶ ያነሰ የፓኬት መጥፋት ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ ወረፋን የሚቆጣጠር ራውተር ግዙና የአፕሎድ ጣሪያውን ከእውነተኛው ፍጥነት 85 በመቶ ላይ፣ ማለትም 8.5 ሜጋቢት ላይ አስሩት። ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ ራውተሩ ጋ ይመጣል፣ ራውተሩ ደግሞ ድምፁን ያስቀድማል።

ራውተሩ ውስጥ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባለውን አጥፉት። ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የሚሠራው ግን የጥሪውን አድራሻ መነካካት ነው። ምልክቱ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ መሰማቱ ወይም ጥሪው ሁልጊዜ 32ኛው ሰከንድ ላይ መቆረጡ ነው። የኬብል ኩባንያው ሳጥን ራሱ ራውተር ከሆነም ብሪጅ ሞድ (ሞደም ብቻ ሆኖ የሚሠራበት ሁነታ) ላይ አድርጉት፤ ሁለት ራውተር ሲደራረብ ስልኩ ሲደወልለት የማይጮህበት ጊዜ ይመጣል።

ገመድ_ሳቢ፦
የዋጋውን ነገር ልመልስ። በሰው የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በወር ከ20 እስከ 35 ዶላር ነው፣ ታክሱና የ911 ክፍያው ሳይጨመር። ለአራት ሰው ከ80 እስከ 140 ማለት ነው። በደቂቃ የሚከፈለው ደግሞ ደቂቃው 1 ሳንቲም ገደማ ቢሆን ለ1,500 ደቂቃ 15 ዶላር፣ ከቁጥሩና ከ911 ጋር 20 ቢደርስ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። ግን በደቂቃ የሚከፈለው ላይ ሜኑውን፣ የድምፅ መልእክት ሳጥኑን፣ የስልኮቹን ቅንብር ራሳችሁ ትሠራላችሁ፤ ሲበላሽም ማታ የሚቀመጠው ከእናንተ አንዱ ነው። ቢሮው ውስጥ ይህን የሚወድ ሰው ከሌለ በሰው የሚከፈለውን ያዙ፣ ግን የሦስት ዓመት ውል አትፈርሙ። «ያልተገደበ» የሚለውንም አንብቡት፦ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካና ካናዳ ብቻ ነው፣ +251 በደቂቃ ለብቻው ይቆጠራል።

ስልኮቹን ከአቅራቢው አትከራዩ፤ ያልተቆለፉ ግዙ፣ ኩባንያ ስትቀይሩ ይዛችኋቸው ትሄዳላችሁ። አንድ የማይነገር ነገር፦ ጠረጴዛው ላይ አንድ ገመድ ብቻ ካለ ኮምፒውተሩ በስልኩ በኩል ነው የሚያልፈው። ያሊንክ ቲ31ፒ የሚባለው ስልክ በዚያ መንገድ ኮምፒውተሩን ወደ 100 ሜጋቢት ያወርደዋል፣ ቲ33ጂ ግን ጊጋቢት ያሳልፋል። ኃይል በገመዱ የሚሰጥ ፒኦኢ ስዊች ግዙና ሞደሙን፣ ራውተሩንና ስዊቹን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰኩ። 600 ቪኤ የሚባለው መጠን እንደ ጭነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊያቆይ ይችላል። ሞደሙ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ስልኮቹ ብቻ ዩፒኤስ ላይ የሆኑበት ቢሮ ሞልቷል፣ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ይበራል እንጂ አይደወልም።

ለአማርኛው ሰላምታ የኮምፒውተር ድምፅ አትጠቀሙ፣ ሰው ይቅረጸው። ፋይሉ ዌቭ፣ 8,000 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ይሁን፤ የሚበዙት ሲስተሞች የሚቀበሉት ያንን ነው። ደንበኛው 1 ሲጫን ሜኑው ካልሰማው የቁልፍ ድምፅ አላላኩን አርኤፍሲ 2833 ወደሚባለው ዘዴ ቀይሩት።

ሎአ_ያዥ፦
ሌሎቹ ቀላሉን ወሰዱ፤ ሥራ የሚያስቆመው ቁጥር ማዛወሩ ነው። የድሮውን መስመር ራሳችሁ እንዳታቋርጡ። የተቋረጠ ቁጥር አይዛወርም፣ ማዛወሩ ሲያልቅ አሮጌው በራሱ ይዘጋል። ለማዛወር በምትፈርሙት የፈቃድ ደብዳቤ (ሎአ) ላይ የሚጻፈው የድርጅት ስምና አድራሻ የድሮው ኩባንያ መዝገብ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። ሂሳቡ ላይ የሚታየው አድራሻ የፖስታ ነው፣ የአገልግሎት አድራሻው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ደውላችሁ የደንበኛ መዝገብ ቅጂውን ጠይቁ። ውድቅ የሚደረገው አብዛኛው ጥያቄ በዚህ ነው።

ሁለት መስመር በአንድ ሂሳብ ስላላችሁ ዋናው የሂሳብ ቁጥር የትኛው እንደሆነ እወቁ። እሱ ሲዛወር ሂሳቡ ሊዘጋና ፋክሱም ማንቂያውም አብረው ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ማንቂያውን ወደ ሴሉላር መላኪያ አዙሩና ከተቆጣጣሪው ድርጅት ጋር በሙከራ ሁነታ ፈትኑ፣ ቀጥሎ ፋክሱ፣ በመጨረሻ ዋናው ቁጥር። ቀላል የሚባለው የአንድ መስመር ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ይጠናቀቃል፣ የእናንተ ዓይነቱ ግን ሊጓተት ይችላል። ከጥር እስከ ሚያዝያ 15 ባለው የፈረንጆች ጊዜ ውስጥ አትንኩት።

ፋክሱን በኢንተርኔት ስልክ መስመር ላይ አድርጎ መታገል አያዋጣም። የፋክስ ሞደም ትንሽ የጊዜ መዛባት አይችልም፣ ቲ.38 (ፋክስን በኢንተርኔት የሚያሳልፈው ዘዴ) ካልተደገፈ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ቁጥሩን ወደ ኦንላይን ፋክስ አገልግሎት አዛውሩት። ፎርም 2848ን (የውክልና ቅጹን) ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) በፋክስ ብቻ ለሚልኩ ደግሞ፦ ኦንላይን መጫኛም አለ።

ሒሳብ_ሚዛን፦
ትልቅ ምስጋና። ማንቂያው ጨርሶ አልታየንም ነበር። ጥሪ መቅዳትስ ይቻላል? ለታክስ ክርክር ይጠቅመን ነበር። ወደ አዲስ አበባም አልፎ አልፎ እንደውላለን።

ፓኬት_ቆጣሪ፦
ሜሪላንድ ውስጥ ጥሪ ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቨርጂኒያና ዲሲ አንዱ ወገን ብቻ ይበቃል። እናንተ ሜሪላንድ ስላላችሁ ማስታወቂያው ጥሪው ከመገናኘቱ በፊት በሁለቱም ቋንቋ ይነገር፤ ከቢሮ ወደ ውጭ ስትደውሉ ማስታወቂያው ስለማይሰማ ራሳችሁ በቃል ጠይቁ። የድምፅ መልእክት ወደ ኢሜይል የሚላክ ከሆነ ደግሞ ደንበኛ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ሊናገር ስለሚችል ድምፁ ሳይሆን ማሳወቂያው ብቻ እንዲላክ አድርጉ። ታክስ አዘጋጅ በኤፍቲሲ (የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) የደንበኛ መረጃ ጥበቃ ደንብ ይገዛል።

የውጭ አገር ጥሪን ሙሉ በሙሉ ዝጉና +251ን ብቻ ክፈቱ፣ ዕለታዊ ጣሪያውም 10 ዶላር ይሁን። ሌቦች ደካማ የይለፍ ቃል ያለው ስልክ ካገኙ ሌሊት ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ይደውላሉ፣ ጠዋት የሚመጣው ሂሳብ የእናንተ ነው።

ገመድ_ሳቢ፦
አንድ የቀረ፦ 911። የቢሮውን አድራሻ ከክፍል (ስዊት) ቁጥሩ ጋር አስመዝግቡ። በፈረንጆች ከየካቲት 2020 ጀምሮ በተተከለ ባለብዙ መስመር የቢሮ ስልክ ላይ 9 ሳይጫን በቀጥታ 911 መደወል መቻል አለበት። ብዙ አቅራቢዎች ዘንድ 933 ስትደውሉ የተመዘገበውን አድራሻ ያነብላችኋል፤ ከእያንዳንዱ ስልክ ሞክሩት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጥሪው በራሱ ወደ አንድ ሞባይል እንዲዞርም ዛሬውኑ ቅንብሩን ሙሉ፣ ከዚያ ሞደሙን ነቅላችሁ ደውሉ።