ፍላሹ በቡት ዝርዝሩ ላይ አይታይም፤ እባካችሁ አስቸኳይ ነው

ኮፒ ቤት ፈረንጅ አራዳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ትናንት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ከዋለ በኋላ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን አልከፍትም ስላለኝ፣ ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ ለመጫን ፍላሽ አዘጋጀሁ። ሆኖም ኤፍ 12ን ተጭኜ ቡት ዝርዝሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከየት እንደሚነሣ የሚመረጥበትን፣ ሳወጣ የሚታየኝ ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው፤ የፍላሹ መብራት አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ነገ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች ስለቀጠርኩ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ቴክ 47፦
ሴክዩር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃ ያጥፉት።

ጋሽ መካሪ፦
ልጄ፣ ከመጣደፍሽ በፊት ነገሩን ከሥሩ ብትረጂው ይሻላል። በ1981 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው ባዮስ የተባለው የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ሥራውን ለዚያ ያስረክብ ነበር። እሱን የተካው ዩኢኤፍአይ ግን በፍላሹ ላይ ኢኤፍአይ ወደተባለው ማኅደር ገብቶ፣ በውስጡ ካለው የቡት ማኅደር የማስነሻውን ፋይል ይፈልጋል፤ ማኅደሩን ማንበብ ካልቻለ ፍላሹን እንደሌለ ይቆጥረዋል። የዛሬ ልጆች ይህን ሳታውቁ ፎርማት ታደርጋላችሁ።

አቦል በረካ፦
በጅማ ከተማ ቡና ሳይቀመስ የሚነሣ ኮምፒውተር የለም፤ መጀመሪያ አንድ ስኒ ያቅርቡለት። ይልቅ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ነው ወይስ በኤንቲኤፍኤስ? አይኤስኦውንስ፣ የዊንዶውስ መጫኛውን ፋይል ማለቴ ነው፣ በምን ጻፉት?

ቴክ 47፦
ሴክዩር ቡትን ማጥፋት ነው መፍትሔው።

ኮፒ ቤት ፈረንጅ አራዳ፦
ሴክዩር ቡትን ከመጠየቄ በፊት አጥፍቼዋለሁ። በፕሮግራም አልጻፍኩትም፤ አይኤስኦውን በጎረቤቴ ላፕቶፕ ከፍቼ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሹ ገለበጥኩ። መጀመሪያ «ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ስላመጣብኝ ፍላሹን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አደረግሁት፤ ከዚያ ሁሉም ገባ። ይህን መጻፍ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

የሂርማታው፦
እኔ ግን መጫኑ ራሱ አስፈላጊ ሆኖ አልታየኝም። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚዛባው የፋይል አደረጃጀቱ ነው፤ ያም በጥገና ሊስተካከል ይችላል። የተማሪዎቹ ጽሑፍ ዴስክቶፕ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ሲ ድራይቭ ውስጥ ከሆነ፣ ፎርማት ሲያደርጉት አብሮ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኡቡንቱ በተባለው ሌላ ሲስተም አስነሥተው መጀመሪያ ፋይሎቹን ያውጡ።

ኮፒ ቤት ፈረንጅ አራዳ፦
ወንድሜ፣ ኡቡንቱስ የሚነሣው ከፍላሽ አይደል? ፋይሎቹ ግን እውነትም ዴስክቶፕ ላይ ናቸው፤ አሁን ደግሞ እሱ አስጨነቀኝ።

አቦል በረካ፦
እንግዲያው ጥፋቱ የፍላሹ አይደለም፤ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በዩኢኤፍአይ ሲነሡ የሚያነቡት ፋትን እንጂ ኤንቲኤፍኤስን አይደለም። ፋት 32 ደግሞ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ አልገባም ያለዎት ኢንስቶል ዊም የተባለው ፋይል መሆን አለበት። በጎረቤትዎ ላፕቶፕ ሩፈስ የተባለውን የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ አይኤስኦውን ይምረጡ፤ ክፍፍሉን ጂፒቲ፣ ዒላማውን ዩኢኤፍአይ ያድርጉት። ሩፈስ ራሱ ኤንቲኤፍኤስን የሚያስነብብ ትንሽ ክፍል ከጎኑ ይጨምርበታል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አይዘንጉ። ሲጨርስ ከኋላ ባለው መሰኪያ ይሰኩትና ከዝርዝሩ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ያለበትን ይምረጡ። ከተነሣልዎት «አሁን ጫን» የሚለውን አይንኩ፤ ከታች በግራ በኩል ያለውን የጥገና ምርጫ ይሞክሩ፤ የሂርማታው ወንድማችን በዚህ ልክ ነው።

ጋሽ መካሪ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ኮፒ ቤት ፈረንጅ አራዳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሩፈስ መጻፍ ጀምሯል፤ አረንጓዴው መስመር ከግማሽ አለፈ። የላፕቶፑ ባትሪ 19 በመቶ ነው፤ መብራቱም አሁን ሄደ።

የሂርማታው፦
እህቴ፣ ከምን ደረሰ?

ቴክ 47፦
ሴክዩር ቡት ጠፍቷል?