ጓደኞቻችን አብረውን ሲያረጁ

ሰላም በስደት ለምትኖሩ ሁላችሁ። «ዕድሜዬ ሲገፋ ስልኬ ዝም አለ» ያልሽው እህታችን፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የኔንም ቤት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው የመሰለኝ።

በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነበረብኝ። ቀላል ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሰዱሻል። ግን ቅጹ ላይ የሚወስድሽን ሰው ስም መጻፍ ግድ ነው። እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንዷ ጓደኛዬ መኪና መንዳት ካቆመች ቆየች። ሌላው ወገቡ አላስነሳው ብሏል። ሦስተኛዋ የልጅ ልጆቿን ልትጠብቅ ሌላ ከተማ ገብታለች። አራተኛውን ከቀበርን ሁለት ዓመት ሆነን። ሁሉም የልብ ወዳጆቼ ናቸው። አንድም የሚመጣልኝ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ የጻፍኩት ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ወጣት ስም ነው። ከ«እንዴት አደሩ» ያለፈ ነገር አልነበረንም። ተጨንቄ ተጨንቄ ጠየቅኳት። መጣች። ይባስ ብላ የዓይን ጠብታዬን ሰዓት ስልኳ ላይ ሞልታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሬን እያንኳኳች «ጠብታው!» ትለኝ ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ስደተኞች ጓደኛ የያዝነው ባንድ ሰሞን ነው። ዕድሜያችን እኩል፣ ችግራችን አንድ፣ የሌሊት ሥራችንም አንድ ነበር። ያ ነው ደግፎ ያቆመን። አሁን ደግሞ እኩል አረጀን። ጉልበትም የከዳን በአንድ ጊዜ ነው። ጡረታ ስንወጣ የሥራ ባልደረቦችም ቀሩ፤ ከነሱ ጋር የምንኖርበትን አገር ቋንቋ የምናወራበት ዕድልም አብሮ ሄደ።

የሰው ቁጥር መቀነሱ ብቻውን አያስደንግጥሽ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ምሁር ሎራ ካርስተንሰን ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ሰው የቀረው ጊዜ ማጠሩ ሲሰማው የሩቁን ትውውቅ እየተወ ለልቡ የሚቀርቡትን ይይዛል ትላለች። እውነት ነው፣ እኔም ለይሉኝታ ብዬ የማወራው ሰው የለኝም፤ እፎይ ብያለሁ። ግን ለኛ ይህ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። የልብ ወዳጅ ሌላ ከተማ ሆኖም ያጽናናሻል። መድኃኒት የሚያመጣልሽ ግን ቅርብ ያለ ሰው ነው፣ ብዙም ባትዋወቁ። አስታውሱ እስቲ፣ ስንመጣ የመጀመሪያ ሥራችንን የጠቆመን ማን ነበር? ብዙዎቻችንን በቅጡ የማናውቀው ሰው ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ስለዚህ የላላ ትውውቅ ጥቅም ጽፏል።

«ልጆች አሉን» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጆቻችን ይወዱናል። ግን ሥራ አላቸው፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ብዙዎቹም ሩቅ ናቸው። ሐኪም ቤት ማስተርጎሙንም፣ ቅጽ መሙላቱንም፣ ሌሊት ስልክ ማንሳቱንም አንዲት ሴት ልጅ ላይ ስንቆልል አይቻለሁ። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ቅርባችን ካሉ ሰዎች ጋር መቀራረቡን አቅም ሳለን እንጀምር። ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በቅርቡ መኖሪያ የለወጡ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ተራ ጓደኛ ለመሆን 50 ሰዓት ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ አገኘ። 200ው ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ ወደ ሁለት ዓመት ነው። ታመን ከተኛን በኋላ ይህን ጊዜ ከየት እናመጣለን?

ከባዱ መጠየቁ ነው። «አስቸገርኩ» የምትለው ቃል ሁሌ ትቀድመናለች። እኔ የቀለለኝ የምሰጠውም ነገር እንዳለኝ ሳይ ነው። ያቺ ከላይ ፎቅ ያለችው ልጅ አሁን ፈተና ሲደርስባት ድመቷን እኔ ጋ ታመጣለች። ቁልፏም እኔ ዘንድ ነው።

እህቴ፣ እስቲ ንገሪን፦ በእግርሽ ሄደሽ በሩን ልታንኳኪው የምትችዪ ሰው አለ? ያለሽበትን ከተማ ብትጽፊልን ምናልባት ከመካከላችን ቅርብሽ ያለ ሰው አይጠፋም።