ሾፌር አልባ ገልባጭ መኪና ለከርሰ ምድር ማዕድን፦ አዋጭነቱን እንዴት ላስላ?

ውድ የሙያ ባልደረቦች፣

ደብረ ማርቆስ ሆኜ የማዘጋጀው የማስተርስ ጥናት ሾፌር አልባ ገልባጭ መኪና ከመሬት በታች ላለ የማዕድን ሥራ ያዋጣ እንደሆነ የሚመዝን ሲሆን፣ ስሌቱ ላይ መላው ስለጠፋብኝ ልምድ ያላችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

አሠራሩ አላስቸገረኝም። የሳተላይት ምልክት ዋሻ ውስጥ ስለማይደርስ መኪናው ግድግዳውን በሌዘር እየቃኘ መንገዱን ይለያል፤ የሚሠራበት ቀጣና ለሰው ዝግ ነው፣ ሰው ከገባ ሁሉም ይቆማል። የማሊው የሲያማ ወርቅ ማዕድን ሥርዓቱን ስለተከለ «ለአፍሪካ አይሆንም» የሚለውን ክርክር አልቀበለውም።

የከበደኝ ጥቅሙን በብር መተመኑ ነው። ያነበብኳቸው የውጭ አገር ስሌቶች ለሾፌር ደመወዝ ቁጠባ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ፤ በእኛ አገር ግን ይህ ከመለዋወጫና ከውጭ ምንዛሪ ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም (ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ዓባይን በከባድ ማርሽ የሚሻገሩትን የተሳቢ ሾፌሮች መጠየቅ ይበቃል)። ስለዚህ ጥቅሙን ከሰዓት ለማውጣት አስቤአለሁ፦ ድማሚት ከፈነዳ በኋላ ጭሱ ተጠርጎ እስኪወጣ ሰው ወደ ዋሻው አይመለስም፣ ፈረቃ ሲለወጥም መኪናው ይቆማል፤ ሾፌር አልባው ግን በእነዚህ ሰዓታትም ሊመላለስ ይችላል።

ሆኖም ትርፍ ሰዓቱ ትርፍ ምርት የሚሆነው ጫኚው ማሽንና ድንጋይ ፈጪው ተጨማሪውን ጭነት መቀበል ከቻሉ ብቻ ነው። ይህን ማነቆ በኤክሴል በአማካይ ቁጥር ማስላት ይበቃል ወይስ ሲሙሌሽን (እያንዳንዱን ምልልስ በኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ) ግድ ይላል? በሾፌር ከሚሠራ የከርሰ ምድር ማዕድን የተወሰደ የመኪና ምልልስ መዝገብ ያላችሁ፣ የድርጅቱን ስም ሰርዛችሁም ቢሆን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።